ደም የሌለው እንግዳ

ፍርሃትን ሰው ሁሉ ሲሸሸው ኖሯል። በጨለማ መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ያፏጫል፤ ጅብ በሚጮኽበት ሌሊት የቤት መዝጊያ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ ስለ ጭራቅ ማውራት የጀመረ ሕፃንም ከመሸ በኋላ ከሆነ አፉን እንዲይዝ ይገሠጻል። በዘመናችን ግን ይህንኑ ፍርሃት እንደ ክቡር እንግዳ ቀን ቀጥረው፣ መብራቱን ዝቅ አድርገው፣ ሻማ አብርተው፣ የሚበላና የሚጠጣ አሰናድተው ወደ ቤታቸው የሚጠሩ፣ ሳይመጣ ሲቀርም ቅር የሚላቸውና የጠሪውን ችሎታ የሚነቅፉ ወጣቶች ተነሥተዋል። ከእነዚህ አንዱ የእህቴ ልጅ በመሆኑ፣ የሚኖርበትም ቦታ ያገራችን ሰው በብዛት የሰፈረባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በመሆኗ፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እነርሱ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከወንበሮች ዳር ዳሩን ይዤ፣ በወጣትነቴ በሕልሜም ያልጠበቅሁትን ጉባኤ ለመታደም በቃሁ።

ጉባኤው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለ ጨዋታ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሌክ ጄኒቫ ከምትባል የዊስኮንሲን ከተማ፣ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሆኖ የወጣ ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት ጨዋታ መኖሩ ገበጣና ዳማ እያየ ላደገ ሰው መጀመሪያ ይከብደዋል። አንዱ መሪ ይሆንና ዓለሙን፣ ዝናሙን፣ ጠላቱንና ባለሱቁን ሳይቀር በአፉ ይፈጥራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው ጠባዩንና ኃይሉን በወረቀት ላይ የጻፉለትን አንድ ሰው ሆነው «በሩን እከፍታለሁ» ይላሉ፤ በሩ መከፈት አለመከፈቱን ደግሞ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይቆርጠዋል። ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች፣ ነገርን በዕጣ መቁረጥ እንግዳ አይደለም፤ እኔን ያስገረመኝ፣ ቀን ቀን የሰው ሕይወት በእጇ የሚያዝ ነርስና የሒሳብ ባለሙያ፣ ማታ «ማን ቀድሞ ይግባ» በሚል ነገር ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ መከራከራቸው ነው።

የእህቴ ልጅ መሪ ሆኖ የመረጠላቸው ዓለም ባሮቪያ ይባላል። ትሬሲና ሎራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1983 ሬቨንሎፍት በሚል ርእስ ያሳተሙት፣ በ2016ም «የስትራድ ርግማን» ተብሎ ሰፋ ባለ መጽሐፍ ዳግመኛ የወጣ ድርሰት ሲሆን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ስትራድ ፎን ዛሮቪች የሚባል ጦረኛ መስፍን፣ ጎልማሳነቱን በጦር ሜዳ ፈጅቶ እርጅና ሲጀምረው፣ ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ያጫትን ታትያና የምትባል ቆንጆ ይወድዳል፤ ከሞት ጋር ቃል ኪዳን ይገባል፤ በሠርጉ ቀን ወንድሙን ይገድላል፤ ልጂቱም ስትሸሸው ከግንቡ ላይ ራሷን ወደ ገደል ትወረውራለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ መስፍኑ ሞት የማያገኘው፣ ፀሐይ የማትስማማው፣ የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር ሆነ፤ አገሪቱም በጭጋግ ታጥራ የገባ የማይወጣባት ሆነች። በቃየልና በአቤል ታሪክ ላይ የኦርዮ ሚስት ነገር ቢጨመርበት ይኸው ይወጣዋል ብዬ ፍጻሜውን ልተነብይላቸው ስጀምር፣ አንደኛዋ «ጋሼ፣ እባክዎ ስፖይለር አይንገሩን» አለችኝ፤ የቀደሙት ትርጓሜ መምህራን እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ገጥሟቸው እንደሆነ አላውቅም።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጎቲክ ይባላል። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለውን ልቦለድ በ1764 ማለቂያ ካወጣ ወዲህ፣ አሮጌ ግንብ፣ በመተላለፊያው የምትሸሽ ልጃገረድ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ኃጢአት መላልሶ የሚታይበት ሲሆን፣ አስፈሪነቱን በብዛት የሚያገኘው ከሥጋ ነው። ሥጋ ይርበዋልና በማያውቀው ቤት የቀረበለትን ይበላል። ሥጋ ይደክመዋልና መተኛት በማይገባው አልጋ ላይ ይተኛል። ሥጋ ይበርደዋልና እሳት ወደሚታይበት መስኮት ይጠጋል፤ ደምም አለውና መስፍኑ እራት ጋብዞ በሚያጫውተው ጊዜ ዓይኑን ከእንግዳው አንገት ላይ አያነሣም። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ መሪው በምን ያስፈራል?

ይህ ጥያቄ ከወረቀት ላይ ተነሥቶ ወንበር ስቦ የተቀመጠው፣ ከወጣቶቹ አንዱ፣ በሙያው የሊፍት ጠጋኝ የሆነና ከሰው ይልቅ ለማሽን የሚራራ ልጅ፣ የቀድሞ ሰውዬውን ተኩላ ስለበላበት ሌላ ጽፎ በመጣ ጊዜ ነው። አዲሱ ሰው ሰው አልነበረም። ዋርፎርጅድ ከሚባሉት ወገን ነበር፤ እነዚህም ኪት ቤከር የተባለው ደራሲ በ2002 ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ጽሑፎች በቀረቡበት ውድድር አሸንፎ፣ በ2004 መጽሐፉ የታተመለት፣ ኤበሮን የተባለ ሌላ ዓለም ልጆች ናቸው። አጥንታቸው ብረትና ድንጋይ፣ ጅማታቸው እንጨትና ሥር መሰል ገመድ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ ጦርነት ውስጥ ወታደር እንዲሆኑ የካኒዝ ቤት የተባሉ ባለጸጎች ያሠሯቸው ናቸው። በየግንባራቸው አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ምልክት አለ፤ ጦርነቱን የዘጋው የእርቅ ውል ነጻ አወጣቸው፤ ያው ውል ግን ከእንግዲህ ወዲህ እንደ እነርሱ ያለ እንዳይሠራ ከለከለ። እንግዲህ በአንድ ቀን ነጻነትን ተሰጥተው ዘርን ተከለከሉ ማለት ነው። ልጁ ለዚህ ፍጡር የሰጠው ስም አይሞቄ የሚል ሲሆን፣ ከማይሞቀውና ከማይበርደው ሰው ተግሣጽ የተወሰደ መሆኑን ለመገመት ብዙ ምርምር አላስፈለገኝም።

የእህቴ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። በ2019 የወጣው የሕግ መጽሐፍ እንደሚለው ዋርፎርጅድ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይተነፍስም፣ ደዌ አያገኘውም፣ አይተኛም፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ በዙሪያው የሚሆነውን ሁሉ ያያል ይሰማል። መሪው ሳምንቱን በሙሉ ፍርሃት ሲደግስ ከርሞ፣ ቅመም የማይሰማው ምላስ ላለው እንግዳ በርበሬ እንደ ደለዘች ባልቴት ሆኖ ቀረ። ደግሞም ማዘኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። በባሮቪያ መንገድ ላይ እየዞረች ሰው ሕልም ውስጥ የሚያስገባ ጣፋጭ የምትሸጥ አሮጊት አለች፤ ጣፋጩ የሚጋገረው በነፋስ ወፍጮዋ ከተፈጨ የሕፃናት አጥንት ነው፤ መሪው ይህን ምሥጢር ተጫዋቾቹ ሁለት ሁለት ከበሉ በኋላ ሊገልጠው አስቦ ነበር። አይሞቄ አንዱን አንሥቶ አገላብጦ አየና «ይህ ዱቄት ከአጥንት ነው» አለ፤ ነርሷም አፏ ድረስ የደረሰውን መለሰች። ሌሊት ጥበቃው በተራ እንዲሆን፣ በሁለተኛው ተራ ላይ ያለውም እንዲያንቀላፋ ታስቦ ነበር፤ አይሞቄ ግን «እኔ እቆማለሁ» አለ፤ ሁሉም እንደ ሕፃን ተኙ። ጭጋግ የሚያፍንበት ሰው ሲፈለግ፣ እርሱ ከመጀመሪያውም አየር ለምዶ አያውቅም።

ከጉባኤው ግማሹ እንግዲህ ይህ ፍጡር ወዲያ ይውጣ አሉ። ጎቲክ የጥንት ነው፤ ሻማና መስቀል ያለበት ነው፤ ብረት ለበስ ወታደር ለሌላ ዓይነት ተረት ይሁን የሚል ነበር ምክንያታቸው። እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም፤ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር የሚያውቅ ሰው ሊስማማ አይችልም። በ1815 በዛሬዪቱ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው ታምቦራ ተራራ እሳተ ገሞራ ተፍቶ ሰማዩን ባመዱ ስለ ሸፈነው፣ በማግሥቱ ዓመት በአውሮፓ በጋ የሚባል ነገር ሳይታይ ቀረ፤ በስዊስ አገር፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ቪላ ዲዮዳቲ በተባለው ቤት ባለቅኔው ባይረን ከእንግዶቹ ጋር በዝናም ታግተው ሲውሉ፣ እያንዳንዳችን አንድ የሚያስፈራ ተረት እንጻፍ ተባባሉ። ከዚያ ቤት የአሥራ ስምንት ዓመቷ ሜሪ ሼሊ በ1818 የታተመውን ፍራንከንስታይንን ይዛ ወጣች፤ የባይረን ሐኪም የነበረው ፖሊዶሪም በ1819 የታተመውን፣ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ውስጥ ለደም መጣጩ መስፍን የመኳንንት ልብስ ያለበሰውን ተረት ጻፈ። ስለዚህ ሰው የሠራው ሰውና ደም የሚጠጣው መስፍን የአንድ ክረምት ልጆች፣ የአንድ ቤት ጽንሶች ናቸው፤ አይሞቄ ወደ ስትራድ ግንብ ሲመጣ ወደ ባዕድ አገር መጣ አይባልም፤ ወደ አጎቱ ቤት መጣ ይባል እንደሆነ እንጂ። ይህ ጨዋታ ራሱ የዚያን ሐይቅ ስም ከተሸከመች ከተማ መውጣቱን ጨምሬ ብነግራቸው ነገሬ ጸና፤ እንዲህ ባለ መገጣጠም ክርክር ማሸነፍ ሙሉ በሙሉ ቀና ሥራ አይደለም፤ ግን ይጠቅማል።

ደግሞስ የራሱ የሬቨንሎፍት መጻሕፍት ምን ይላሉ? በ1990 በወጣው ሣጥን ውስጥ ላሞርዲያ የምትባል ቀዝቃዛ ግዛት ተጽፋለች፤ ሞርደንሃይም የተባለ ሐኪም የሠራው፣ አዳም የሚባል ፍጡር የሚኖርባት ናት፤ የግዛቲቱ ጌታ ተብሎ የተቆጠረውም ሠሪው ሐኪም ሳይሆን የተሠራው አዳም ነው። በስትራድ በራሱ አገርም፣ ክሬዝክ ከምትባለው መንደር በላይ ባለው ገዳም፣ የገዳሙ አበምኔት ከሬሳ ብልት ሰፍቶ ቫሲልካ የምትባል ሙሽራ ሠርቷል፤ ለስትራድ ድሮ መስፍኑ ከርግማኑ ይፈታል ብሎ አምኖ፣ አካሄድና አበላል እያስተማራት፣ የሠርግ ቀሚስ የሚያመጣለት መንገደኛ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል፤ ልጃቸውን ለማይወዱት ሹም ለመዳር ነጠላ አጣጣል የሚያስጠኑ አባቶችን ያየ ሰው ከአበምኔቱ ይልቅ በቫሲልካ ዝምታ ይጨነቃል።

ስለዚህ አይሞቄ ቀረ። መሪው ግን መጀመሪያ የቃጣው ሐሳብ፣ «በባሮቪያ ውስጥ አንተም ይርብሃል፣ አንተም ይደክምሃል» ብሎ የፍጡሩን ጸጋ አንድ በአንድ ሊገፍፈው ነበር፤ ብዙ መሪዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ ይባላል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ ብረት ሆኖ መጣ፤ ብረትነቱን ቀምቶ ሥጋ አድርጎ ማስፈራት፣ በግ ነው ብሎ የገዛውን ሰው ፍየል ነው ብሎ ማስከፈል ይሆናል። መጽሐፉ በጥንቃቄ ቢነበብ ደግሞ መገፈፍ አያስፈልግም። ከመብል፣ ከመጠጥ፣ ከእንቅልፍና ከደዌ ነጻ ያደረገው ያው አንቀጽ ከፍርሃት ነጻ አላደረገውም። ሌሎች ግዑዛን ፍጥረታት ማለትም የሚራመድ ሐውልትና ባዶ የጦር ልብስ ሊሰበሩ ይችላሉ፣ ሊፈሩ ግን አይችሉም፤ እርሱ ግን ልብ ተሰጥቶታልና ልቡ የተሰጠበትን ዕዳ ይከፍላል። መሪው ይህን ባነበበ ጊዜ ከሳምንታት ወዲህ የመጀመሪያውን ፈገግታ አየሁበት፤ የሊፍት ጠጋኙ ልጅ ግን ፈገግታውን አልወደደውም።

መግቢያውም በሚገባ ተበጀለት። በኤበሮን ታሪክ ሳይር የምትባለው አገር ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በአንድ ቀን ጠፍታ፣ ድንበሯ እስከ ዛሬ በሙት ጭጋግ ተከብቧል፤ ማን እንዳጠፋት በመጻሕፍቱ አልተገለጠም። አይሞቄም ከዚያች አገር የቀሩ ጓደኞቹን ሊፈልግ ወደዚያ ጭጋግ ገባ፤ ሲወጣ የወጣው በባሮቪያ ደጃፍ ነው። አንዱ ጭጋግ ያለ ስፌት ወደ ሌላው ጭጋግ ሲያልፍ፣ ከዓለም ወደ ዓለም የሚደረገው መንገድ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ተፈጸመ። ወደ ኋላ ሊመለስ በሞከረ ጊዜም ጭጋጉ ያለ ሳንባውም ቢሆን መለሰው፤ ቀና ብሎ የሄደበት መንገድ ዞሮ እዚያው አደረሰው። ልጁ «ምን በላሁ፣ ምን ተነፈስሁና ነው የሚይዘኝ?» ብሎ ቢሟገት፣ መሪው «የገባህበትን ምክንያት ረስተህ እንደሆነ ንገረኝ» አለው እንጂ ሌላ አልመለሰለትም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔም ከዳር ሆኜ አልተመለከትሁትም፤ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበርሁ መሆኔን የእህቴ ልጅ ስለሚያውቅ «ጋሼ፣ ቄሱን እርስዎ ይሁኑልን» ብሎ ለመነኝ። ቄሱ ዶናቪች የባሮቪያ መንደር ቄስ ነው። ዶሩ የሚባል ልጁ ስትራድን ለመግደል ከዘመቱት ጋር ሄዶ ራሱ ደም መጣጭ ሆኖ ተመልሷል፤ አባትየው ሊገድለው አልቻለም፣ ሊለቀውም አልቻለም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ስር ዘግቶበት፣ ከላይ እየጸለየ፣ ከታች «አባቴ ራበኝ» የሚለውን ጩኸት እየሰማ ይኖራል። ይህን ክፍል ለመጫወት ከጎንደር እስከ ሜሪላንድ ያየኋቸው አባቶች ሁሉ ረዱኝ።

መንገደኞቹ ወደ እኔ የመጡት ሬሳ ይዘው ነበር። የመንደሩ ሹም ሞቶ፣ ከመስፍኑ ፍርሃት የተነሣ የሚቀብረው ጎረቤት ጠፍቶ፣ ያሳደጋት ልጁ አይሪና በቤቱ ተዘግታ ስትጠብቅ አግኝተዋት ነው። እድር የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ያን ማታ ተረዳሁ። ሌሎቹ ሣጥኑን ለአራት ሊይዙት ሲከራከሩ አይሞቄ ብቻውን በትከሻው አነሣው፤ ያለ እረፍት ተሸክሞት መጣ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም አውርዶ ቆመና «አባቴ፣ ይህች ልጅ የምታለቅሰው ይህ ሰው ስለማይሰማት ነው ወይስ ስለሚሰማት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዶናቪች ያልተማረ ቄስ ሆኖ እንዲቀር አልፈቀድሁም፤ ጥያቄውን ትቼ ፍጡሩን መረመርሁት። በእኛ ትምህርት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት፤ አራቱ የሥጋ ናቸው፣ መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ፤ ሦስቱ የነፍስ ናቸው፣ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያዊነት። እንግዲህ አይሞቄ ከድንጋይና ከማዕድን ነውና መሬት አለው፤ በውስጡ የሚዘዋወር ፈሳሽ አለውና ውሃ ብለን እንቀበልለት፤ በምድጃ ውስጥ ተወልዷልና እሳቱ አያጠራጥርም፤ የማይተነፍስ ስለሆነ ነፋስ ብቻ ጎደለው። ከነፍስ ባሕርያትም ያስባልና ልባዊ ነው፤ ይናገራልና ነባቢ ነው፤ ሕያዊነቱ ግን አጠራጠረኝ፤ ሥጋ ሲፈርስ ነፍስ ሕያዊት ሆና ትቀራለች፤ የዚህኛው ብረት ሲፈርስ ምን ይቀራል? ይህን ሁሉ በዶናቪች ድምፅ ስተነትን፣ ልጆቹ ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ፤ መሪው ግን ጣቱን አንሥቶ ከወለሉ ስር ያለውን የዶሩን ጩኸት አሰማን።

አይሞቄ ወደ ወለሉ አየ። ሌሎቹ ወደ በሩ ሸሹ፤ እርሱ ግን የሚፈራለት ደም ስለሌለው ሄዶ በመዝጊያው ላይ ቆመ። ታሪኩን ከነገርሁት በኋላም እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፣ እርስዎ ልጅዎ የማይፈለግ ነገር ሆኖ ቢመለስ ዘጉበት እንጂ አላፈረሱትም። እኔን የሠሩኝ ሰዎች ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ሊያደርጉ የፈለጉትን አልነገሩኝም፤ ውሉ ባይከለክላቸው ግን የሚያፈርሱኝ ይመስለኛል። ከሁለቱ አባት የሚባለው ማን ነው?» የሊፍት ጠጋኙ ልጅ ይህን አስቦ መጥቶ ይሁን ባፉ ላይ የመጣለት አልጠየቅሁትም። ዶናቪች መልስ እንዲሰጥ ሁሉም ይጠብቁኝ ነበር፤ ዶናቪች ግን ፍትሐቱን ጀመረ፤ ይህም የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ካህን መልስ ሲያጣ ሥርዓቱን ይቀጥላል፤ ሥርዓት ከተሠራባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ በዚያች አገር የነፍስ ጥያቄ ለአይሞቄ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የ2016ቱ መጽሐፍ እንደሚለው ከባሮቪያ ሰዎች ነፍስ ያላቸው ከአሥር አንዱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ይወልዳሉ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው፤ የስትራድ ሐሳብ ያቆማቸው ቅርፊቶች ናቸው። ሥጋና ደም ለብሰው ነፍስ የሌላቸው ዘጠኝ ሰዎች፣ ሥጋም ደምም ሳይኖረው ነፍስ እንዳለው የሚጠራጠርን አንዱን ብረት፣ በመስኮት አሾልቀው እያዩ «ሰይጣን ነው» ብለው መዝጊያ ሲደርቡበት ባየሁ ጊዜ ሣቅሁ፤ ከዚያም ሣቄ ቆመ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ባሮቪያ መሻገር አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ ልጆቹ ግን ጨዋታ ላይ ፖለቲካ አይነሣም አሉኝ።

በግንቡ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ስትራድ በደብዳቤ እራት ጠራቸው፤ የሄዱበትን አዳራሽ፣ የኦርጋኑን ድምፅ፣ የተደገሰውን ማዕድ ሁሉ መሪው በዝርዝር ተረከ፤ አይሞቄ ከግድግዳው ዳር ከተደረደሩት የጦር ልብሶች መካከል ቆመና አሽከሮቹ ሁለት ጊዜ አቧራውን ጠረጉለት። የመሪው ፍላጎት አንዲት ነገር ነበረች፤ ስትራድ ይነክሰው ዘንድ። እዚህ ላይ ጉባኤው እንደ ጥንቱ የሃይማኖት ጉባኤ ለሁለት ተከፈለ። የ2004ቱ መጽሐፍ ዋርፎርጅድን ሕያው ግዑዝ ብሎ ለብቻው መድቦ፣ ሕይወት ከሚመጥጥ ኃይል ሁሉ አድኖት ነበር፤ የ2019ኙ ግን ከሰው መሰል ፍጥረታት ጋር ቆጠረው፤ በዚያም ምክንያት የመስፍኑ ጥርስም፣ ከጥርሱ ይልቅ የሚያስፈራው ፈቃድ የሚማርከው ዓይኑም በሕግ ይደርስበታል። የቀድሞው ሕግ ተሽሯልን ወይስ አልተሻረም? ነርሷ ሐኪም ቤት በምታየው ነገር አስረዳች፤ የሒሳብ ባለሙያው በአንቀጽ ቁጥር ተከራከረ፤ እኔ በኋላ የወጣ ሕግ የፊተኛውን ይሽራል ብዬ ፈረድሁ፤ መሪውም ፍርዴን ከመውደዱ የተነሣ ቡና ራሱ ቀዳልኝ።

ዳይሱ ተወረወረ፤ ስትራድ ነከሰ። መሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥርሱ በሥር መሰሉ ገመድ መካከል ገብቶ ከውስጥ ያለውን ጥቁር ቅባት ሲያገኝ፣ መስፍኑ ከመቶ ዓመታት ወዲህ ፊቱ ላይ ያልታየ መኮሳተር እንደ ታየ ተረከ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። የሊፍት ጠጋኙ ልጅ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በአይሞቄ ድምፅ፣ «ጌታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቤት ያፈራው ይህ ነው» አለ።

ቡና በአፍንጫዋ የወጣ ነበረች፤ ከወንበር የወደቀም ነበረ፤ እኔ ራሴ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን ጠረግሁ። የእህቴ ልጅ ብቻ አልሣቀም። ሣቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ከዚያም ስትራድ ከንፈሩን በነጭ መሐረብ ጠርጎ፣ የአይሞቄን ግንባር በጣቱ ዳብሶ፣ እዚያ ያለውን ምልክት እንደ ማኅተም አገላብጦ አይቶ፣ በትሕትና፣ «አንተን የሠራህ ማን ነው? ስንትስ ሊሠራልኝ ይችላል?» ብሎ ጠየቀው። ዓይኑንም በዓይኑ ላይ አደረገ፤ ዳይሱም ተወረወረና ለመስፍኑ አደላ። አይሞቄ በውል ነጻ የወጣ ወታደር ሳለ፣ ታዞ የሚመልስ ወታደር ሆኖ አፉን ሊከፍት ሆነ። የሊፍት ጠጋኙ ልጅ ወረቀቱን አገላበጠ፤ የሠሪው ስም የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ትቶት ነበርና፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጽፎ እንዲመጣ ታዘዘ፤ እኔም ከዶናቪች ሥራ ጋር ይህን ስም በመፍጠር እንድረዳው ተጨማሪ ተደርጎ ተሰጠኝ።